የሰላም ቃልና የጦር ሥልጣን


ሠራዊቱ የማይታዘዝለት መንግሥት የሰላም ቃል ቢሰጥ የሚያጸናበት ኃይል የለውም። በጃፓን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትሩ በሥራ ላይ ያለ ጄኔራል እንዲሆን ስለተደነገገ፣ ሠራዊቱ ሰው ሲነፍገው ካቢኔው ይፈርስ ነበር። በነሐሴ 1937 ዓ.ም. ስድስቱ የጦርነት ምክር ቤት አባላት ስለ ሰላሙ ቅድመ ሁኔታ ሦስት ለሦስት ተከፈሉ፤ ቋጠሮውን የፈቱት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው።

በኢትዮጵያ የልጅ እንዳልካቸው መኰንን ካቢኔ ሠራዊቱን ማዘዝ ተስኖት በሐምሌ 1966 ዓ.ም. ወደቀ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ገላጋይ ጠፋ። የኤርትራ ጉዳይ በሰላም እንዲፈታ የሹት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም፣ በዚህና በሌላም ጉዳይ ከደርጉ ጋር ተጋጭተው በኅዳር ተገደሉ። ጦርነቱ እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ።

በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት የአገሪቱን ወጣት ሁሉ ሲጠራ የጌዴኦ ቡና ገበሬ ልጅም አልቀረም። ውል የሚፈርመው እጅ ጦሩን የሚመልስ ሥልጣን ከሌለው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ከምክክሩ የራቀው ጎጆ ነው።