ነጻ ገበያና መንግሥት በምዕራብ ጀርመን

ሊበራሊዝም ሲባል ብዙ ሰው «መንግሥት እጁን ከገበያ ያውጣ» ማለት ብቻ ይመስለዋል። እስቲ ወደ ምዕራብ ጀርመን እንሂድ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 1948 ነው። ዋጋ በመንግሥት ይተመናል፣ ምግብ በራሽን ይታደላል፣ ገንዘቡ ዋጋ አጥቶ ሰው በሲጋራ ይገበያያል። አዲሱ ዶይች ማርክ ሲወጣ የምጣኔ ሀብት ኃላፊው ሉድቪግ ኤርሃርድ የበርካታ ሸቀጦችን ተመን አነሡ። ተደብቆ የከረመው ዕቃ በቀናት ውስጥ ሱቆችን ሞላ። ዋጋውም አብሮ ናረ፤ በኅዳር ሚሊዮኖች ሥራ አቁመው ተቃወሙ። ይህን የሠራተኛውን ጭንቀት ዘሎ የስኬቱን ታሪክ ብቻ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

ኤርሃርድ ግን ገበያውን ትተውት አልሄዱም። የሐሳብ አጋሮቻቸው እነ ቫልተር ኦይከን፣ የፍራይቡርግ ሊበራል ምሁራን፣ ገበያውን ጠቅልሎ የያዘ ኩባንያም እንደ አምባገነን መንግሥት ሁሉ የሰውን ነጻነት ያፍናል ብለው ያምኑ ነበር። በእኔ እምነት የሊበራሊዝም ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ መንግሥት ዋጋ አይተምንም፣ ውድድሩን ግን ይጠብቃል። ትልልቅ ኢንዱስትሪዎች ለዓመታት ቢሟገቱም፣ ኩባንያዎች በዋጋ ላይ እንዳይመሳጠሩ የሚከለክለው ሕግ በ1957 ጸደቀ። አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት በ1958 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ቦን ከተማ ሆኖ የኩባንያዎችን ውህደት ይመረምራል፣ ውድድርን የሚጎዳውንም ያግዳል።