ቅንጡ አውቶሞቢል፦ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

(በዘንድሮው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን፣ በከሰዓት በኋላው ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «የኤሌክትሪክ መኪና ቴክኖሎጂ» የሚል ነበር። ተዘጋጅቼም ነበር፤ የባትሪ ኬሚስትሪ፣ የሞተር ዓይነት፣ ምኑ ቅጡ። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ በሻይ ሰዓት እጄን እየያዘ ወደ ጥግ የሚወስደኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኬሚስትሪ አይደለም። «ስማ፣ አንድ ደህና አውቶሞቢል ልገዛ ነው። ዜሮ ዜሮ፣ ምቹ፣ ሰፋ ያለ። አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ነው የሚለኝ። አንዱ የአገልግሎት ገንዘቡን ተቀብሎ ባንክ ያስቀመጠ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ሌላው ከሜሪላንድ ለእረፍት የመጣ ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪውን ትቼ ይህንኑ ብናወራው ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

እኔም ጉዳዩ ይመለከተኛል። ከባለቤቴ ጋር ለብዙ ዓመታት ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች። ያችው ገንዘብ መኪናም ናት፣ የልጃችን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትም ናት። ስለዚህ የምነግራችሁ ስሌት ለራሴ ደጋግሜ የሠራሁት ነው።

መጀመሪያ፣ ሁላችንም በውስጣችን ይዘነው የምንዞረው አንድ ሕግ አለ፦ «መኪና ዛሬ ካልገዛህ ነገ አትገዛውም።» ይህ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። ሰው ኮሮላ ገዝቶ አምስት ዓመት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ አይተናል። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በር ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ ግን እንደ ቤት፣ እንደ ወርቅ ገንዘብ ማስቀመጫ ሆነ። ምክንያቱ የመኪናው ጥራት አልነበረም። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ የውጭ ምንዛሪ እጥረት እና ቀረጥ። ጉምሩኩ፣ ኤክሳይሱ፣ ሱር ታክሱ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ እላይ በላይ ሲደራረቡ፣ አንድ መኪና ወደብ ከደረሰበት ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ነው ሊብሬ የሚያወጣው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ በአሮጌ መኪኖች ላይ ብዙ መቶ በመቶ ጫነ። እንግዲህ አገር ውስጥ የገባ መኪና በዚያ የታክስ ግንብ ውስጥ ተቀምጦ ዋጋው ተጠበቀለት ማለት ነው።

አሁን ግንቡ ተነክቷል። መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ የሚያደርግ ውሳኔ በ2022 እ.ኤ.አ. አወጣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ እንዲህ ያለ እገዳ ያደረገ የመጀመሪያው አገር እኛ ነን። ስለዚህ ዛሬ ከውጭ የሚገባ አዲስ ቅንጡ አውቶሞቢል ስትሉ የኤሌክትሪክ ማለታችሁ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። ትኩረት የሚሻው ነገር ይሄ ነው፦ በ2022ቱ ውሳኔ መሠረት ያ መኪና እንደ ኮሮላው በቀረጥ ግንብ አልታጠረም። ዋጋውን የሚወስነው ቻይና ነው።

ቻይና ውስጥ ደግሞ ምን እየሆነ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቴስላ በ2023 መጀመሪያ ዋጋ ቆረጠ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ቢዋይዲ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በ22 ሞዴሎች ላይ እስከ 34 በመቶ ቅናሽ አደረገ። ትልልቆቹ ቅንጡ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በአውሮፓና በአሜሪካ በሦስት ዓመት ውስጥ የዋጋቸውን ግማሽ ገደማ ሲያጡ ታይቷል።

እንግዲህ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። መኪናው በዶላር ይወርዳል፤ ዶላሩ በብር ይወጣል። «ልጠብቅ?» የሚል ሰው ሳያውቀው የሚጠይቀው የትኛው ይቀድማል ብሎ ነው።

ዶላሩን በተመለከተ አንድ ነገር ላስተካክል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንክ ቤት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «አየህ፣ ያኔ ብገዛ ኖሮ» ይላል። ግን ነጋዴው ያኔም መኪናውን በ57 ብር አላሰላላችሁም እኮ! ትይዩ ገበያው ከ100 ብር በላይ ነበር፤ የመኪናውም ዋጋ የተሰላው በዚያው ነው። ስለዚህ ያ ትልቅ ዝላይ በወረቀት ላይ የታየውን ያህል መኪናው ላይ አልደረሰም። በድንጋጤ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህን ያስብ።

አሁን እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ፤ አምስት ኪሎ ተምረን በቃል ብቻ አንለያይም። የመኪናው የዶላር ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ይወርዳል እንበል። ብራችሁ ደግሞ ባንክ ተቀምጦ 7 በመቶ ወለድ ያገኛል። ዶላሩ በዓመት 15 በመቶ ቢወጣ፣ 1.15 በ0.90 ሲባዛ 1.035 ነው። የመኪናው የብር ዋጋ 3.5 በመቶ ጨመረ፤ ብራችሁ 7 በመቶ አደገ። መጠበቁ አዋጣ! ዶላሩ 30 በመቶ ቢወጣስ? 1.17 ይመጣል፤ መኪናው 17 በመቶ ተወደደ፣ መጠበቁ አከሰረ። ሚዛኑ የሚያጋድለው ዶላሩ በዓመት 19 በመቶ ገደማ ሲወጣ ነው። እኔ የሰጠኋችሁን 10 በመቶ ካልወደዳችሁት የራሳችሁን አስገቡበት። ዋናው ቁም ነገር መልሱ «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አትገዛውም» ከሚለው አሮጌ ሕግ ጋር ሁልጊዜ አለመስማማቱ ነው።

ገንዘቡ በዶላር ላለው ለሜሪላንዱ ወንድማችን ነገሩ ከዚህም ይቀላል። እሱ የሚጠብቀው ዕቃ ይረክሳል፤ የያዘው ገንዘብ በብር ዓይን ይወፍራል። ለእናቱ መመላለሻ ዛሬ የሚያስፈልግ ካልሆነ በቀር፣ ለእሱ መጠበቅ አያስከፍለውም። እንዲያውም ይከፍለዋል። ጠዋት «ቶሎ በል፣ ዋጋው ሊጨምር ነው» ያለህ ደላላ፣ ወንድሜ፣ ስለ ራሱ ኮሚሽን ነው የሚያወራው።

አንድ ነገር ግን ሁለታችሁንም ሊያስገርማችሁ ይችላል፤ ታክሱ። እኛ አገር የታክስ መመሪያ በእርሳስ የተጻፈ ያህል ነው። ነፃ ያደረገ ውሳኔ ነፃነቱን ሊያነሳ ይችላል። ከተነሳ፣ ቀድሞ የገባው መኪና በአንድ ሌሊት ግንቡ ይሠራለታል፤ ዋጋው ይዘላል። ስለዚህ አሁን መግዛት ከፊሉ የታክስ ለውጥ መድን ነው። ለዚያ መድን ስንት ትከፍላላችሁ? ይሄ እንግዲህ የእያንዳንዱ ጠባይ ነው።

«የነዳጅ ወጪዬን እቆጥባለሁ» የሚለውን ምክንያት ግን አልቀበልም። ማለቴ፣ ለቅንጡ መኪና። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ መኪና ያለው ሰው በዓመት 1,500 ሊትር ይቀዳል። ሊትሩ በ120 ብር ቢሰላ፣ ያ 180,000 ብር ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ያንኑ ቁጠባ ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናም ትሰጣችኋለች፣ በጣም ባነሰ ዋጋ። ስድስት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አውቶሞቢል ግን ሙሉ ኢንሹራንሱ ብቻ ከዚያ ቁጠባ ብዙውን ሊበላው ይችላል።

ታዲያ ቅንጡው ለምን ይገዛል? ለምቾት ነዋ! ይህን ለመናገር ለምን እንደምናፍር አላውቅም። ጀርባውን የሚያመው ሰው ደህና ወንበር ይፈልጋል። ጸጥታ ይፈልጋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን አየሩ ስለሳሳበት ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦን ሲወጣ አያቃስትም፣ ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን ይሞላል። የአየራችን ልከኝነትም ለባትሪ ዕድሜ ይስማማል፤ ባትሪን የሚጎዳው ሙቀት ነው። አሥር ዓመት ለሚነዳው ሰው ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው።

አውቶሞቢል መሆኑን ግን አትርሱ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው፤ ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው። ኮሪደሩ መንገድ ላይ እንደ ንጉሥ ይሄዳል፤ የሰፈራችሁ የፍጥነት መግቻ ላይ ሲደርስ ግን ሆዱን ይፋቃል። ዝቅ ያለ ወንበር ላይ እናታችሁ መቀመጥና መነሳት ይችሉ እንደሆነ ወስዳችሁ ሞክሩ። እኛ የሞከርነው በአማቴ ነው። ሰማንያ አልፈዋል። አንዱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው «ልጄ፣ ይሄ መቀመጫ ነው ወይስ ጉድጓድ?» አሉኝ። ያ መኪና እዚያው ቀረ።

የአገልግሎት ገንዘቡን የያዘው ጓደኛዬ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌሊት የሚሞላበት ቦታ የለውም። ከተማ ውስጥ ፈጣን ቻርጀሮች መተከል ጀምረዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮም መገናኛ አካባቢ የከፈተውን አይታችሁት ይሆናል። ግን በየሳምንቱ ወረፋ ይዞ መኪና መሙላት በዚህ ዕድሜ አይመከርም። ለእሱ ያልኩት፣ ከመኪናው በፊት ከኮሚቴው ጋር ስለ መስመሩና ስለ ቆጣሪው ተነጋገር ነው። ያ ካልተፈታ መጠበቁ ግዴታ ነው፤ ዶላሩ የፈለገውን ይሁን።

ሌላ። ገበያው ላይ ያሉት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ቮልስዋገን አይዲ 6ን ውሰዱ፤ የሚሸጠው ለቻይና ብቻ ሆኖ ሳለ መንገዳችንን ሞልቶታል። እንዲህ ያለው መኪና የመሙያ ሶኬቱ የቻይና ደረጃ ነው፤ ስክሪኑ ቻይንኛ ሊያወራችሁ ይችላል፤ ፋብሪካው ለባትሪ የሚሰጠው የስምንት ዓመት ዋስትናም ድንበር ላይ ሊቀር ይችላል። ቅንጡ መኪና ላይ ይህ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ውድነቱ ያለው ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ነው። ዋስትናውን አዲስ አበባ ውስጥ የሚያከብር፣ ጋራዥና መለዋወጫ ያለው፣ ይህንንም በጽሑፍ የሚሰጥ ሻጭ ጥቂት ብር ቢያስጨምርም ክፈሉት።

አገር ውስጥ ስላሉት የቤንዚን መርሴዲሶችና ቢኤምደብሊዎች አጭር ነኝ፦ እገዳው ዋጋቸውን ደግፎታል፤ አዲስ ግን አይሆኑም፣ መለዋወጫቸውም አይረክስም።

ወጣት መምህራን ከኋላ ተቀምጣችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ገብቶኛል። በእናንተ ደመወዝ ይህ ወሬ ተረት ነው። የኛ መምህራን ቮልስ ይነዱ ነበር፤ ዲዛይን ያስተማሩን ጋሼ ቮልሳቸውን እራሳቸው ፈትተው ይገጥሙ ነበር። አንድ ብቻ ልበላችሁ፦ ባንክ በሚጠይቀው ወለድ ተበድራችሁ፣ በዶላር ዋጋው እየወረደ ያለ ዕቃ አትግዙ። ትንሿን ግዙ፣ ወይም ጠብቁ። ዕድሜና ጊዜ ከእናንተ ጋር ነው።

እኛ ምን ወሰንን? ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ነበራት፦ «አሥር ዓመት ትነዳዋለህ ወይስ ለሰፈር ታሳየዋለህ?» አሥር ዓመት እነዳዋለሁ አልኩ። እንግዲያውስ በሦስት ዓመት ስንት ይሸጣል የሚለው ጭንቀት ቀረ። ገንዘባችን በብር ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ቆጣሪ አለ፤ የታክሱ ነገር ያሰጋኛል። ስለዚህ ዘንድሮ እንገዛለን። የምንገዛው ግን ያለፈው ዓመት ሞዴል የሆነ ዜሮ ዜሮ ነው፤ አዲሱ ሞዴል ሲመጣ ሻጩ ቶሎ ሊለቀው የሚፈልገውን፣ ከምንፈልገውም አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን። የልዩነቱ ገንዘብ በልጃችን ስም ተቀምጧል። የሚቀረው አማቴ ቅዳሜ ሄደው መቀመጫውን ማየታቸው ነው፤ ቀብድ የምንከፍለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የሜሪላንዱ ወንድማችን ቀድሞ አውጥቷል፣ እሱ ይጀምር።