የቅርቡ መደርደሪያና የሩቁ መጋዘን


በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ብዙ የትምህርት መሣሪያ እንደ ተዘረፈበት ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ያለን ኮምፒዩተር ሁሉ ውድ ሀብት ነው። ሆኖም አንዱ ሲዘገይ «አርጅቷል፤ ይለወጥ» ሲባል እንሰማለን። ከዚህ ፍርድ በፊት ሊመረመር የሚገባው ነገር አለ፤ እርሱም ካሽ የሚባለው የቅርብ ማከማቻ ነው።

ደሴ ፒያሳ የሚነግድ አንድ ባለሱቅ እናስብ። ዘወትር የሚፈለገውን ስኳርና ሳሙና እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ያኖራል፤ ተጨማሪውን በጓዳ፤ የቀረውን ኮምቦልቻ ባለው መጋዘን። ለእያንዳንዱ ገዢ በሐረጎ ዳገት መኪና የሚያመላልስ ቢሆን ኖሮ ደንበኛ ባልቀረው ነበር። በኮምፒዩተርም መደርደሪያው ካሽ፣ ጓዳው ዋናው ሜሞሪ፣ መጋዘኑ ዲስክ ነው። ከካሽ ለማንበብ 1 ናኖ ሰከንድ ያህል፣ ከዋናው ሜሞሪ 100 ናኖ ሰከንድ ያህል፣ ከሚሽከረከር ዲስክ ግን 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የመጀመሪያውን አንድ ሰከንድ ነው ብንል፣ ሁለተኛው ከደቂቃ ተኩል ያልፋል፤ ሦስተኛው ወደ አራት ወር ይጠጋል።

በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስም ይህንኑ ብልሃት ይዟል። ከዲስክ ያነበበውን በሜሞሪ ያቆየዋል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ወደ መጋዘን አይወርድም። የዩኒክስን ፈለግ የተከተለው ሊኑክስ ሥራ የፈታውን ሜሞሪ ለዚሁ ያውለዋል። እንግዲህ «ፍሪ» በተባለው ትእዛዝ ባዶው ሜሞሪ ጥቂት ሆኖ ቢታይ አያስደንግጠን። ፕሮግራም ሲፈልገው አብዛኛው ይለቀቃልና፣ መታየት የሚገባው «አቬይለብል» የሚለው ዓምድ ነው። ይህም ካነሰና ሥራው ዘወትር ወደ ዲስክ የሚመላለስ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩን ከመለወጥ ሜሞሪ መጨመር ይቀላል።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፤ ካሽ አንዲት ቁጥር ስትጠየቅ ጎረቤቶቿንም፣ ብዙውን ጊዜ 64 ባይት በአንድነት ያመጣል። ስለዚህ በሲ ቋንቋ ትልቅ ማትሪክስ ስንደምር በረድፍ እንጂ በዓምድ አንሂድ። ልዩነቱን በ«ታይም» ትእዛዝ ለክቶ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛ፤ ዩኒክስ የምንጽፈውን ሁሉ ወዲያው ወደ ዲስክ አይልክም። በሊኑክስ ልማድ 30 ሰከንድ ያህል በሜሞሪ ሊያቆየው ይችላል። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ የመመረቂያ ጽሑፋችን ገጽም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ፍጥነቱ የተገዛው በዚህ አደጋ ነው። ስለዚህ ከባድ ሥራ ካስቀመጥን በኋላ «ሲንክ» የሚለውን ትእዛዝ እንስጥ፤ ፍላሽም በሥርዓቱ ሳናሰናብት አንንቀል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ አዲስ መሣሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እንጠይቅም። ነገር ግን ያለውን አሠራር ሳናውቅ ብንጠይቅ አዲሱም ፈጥኖ ያረጅብናል። ኮምፒዩተሩ ደከመ ከማለታችን በፊት፣ ያዘዝነው ሥራ ከመደርደሪያው የሚገኝ ነው ወይስ በየጊዜው ኮምቦልቻ የሚያስወርድ ነው ብለን እንመርምር።