የሦስት ዳይስ ጥያቄና የፈተና አስተራረማችን



ሰዓቱ አጭር ስለሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄው የኔ አይደለም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ ለጋሊሊዮ የቀረበ ነው። ሦስት ዳይስ አንድ ላይ ይጣልና የወጣው ነጥብ ይደመራል። ቁማርተኞቹ ከብዙ ጨዋታ እንደታዘቡት 10 ከ9 ትንሽ ይበልጥ ይወጣል። ግራ ያጋባው ግን ሁለቱም የሚገኙት በስድስት ዓይነት ጥምረት መሆኑ ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። 9 የሚሆኑት 1-2-6፣ 1-3-5፣ 1-4-4፣ 2-2-5፣ 2-3-4 እና 3-3-3 ናቸው። 10 የሚሆኑት ደግሞ 1-3-6፣ 1-4-5፣ 2-2-6፣ 2-3-5፣ 2-4-4 እና 3-3-4። ስድስት በስድስት! እዚህ ላይ ያቆመ ተማሪ “እኩል ናቸው” ይላል፤ መደመሩ ላይ ምንም ስህተት የለበትም።

አሁን ዳይሶቹን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንቀባቸው (ቀለሞቹ ከየት እንደመጡ አትጠይቁኝ)። 1-2-6 በስንት መንገድ ይወጣል? 1 በሦስቱም ቀለም ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ለ2 ሁለት ምርጫ ይቀረዋል፤ ለ6 አንድ። 3×2×1፣ ስድስት መንገድ። 1-4-4 ላይ ግን 1 የቱ ላይ እንዳለ ከታወቀ ነገሩ አለቀ፤ ሦስት መንገድ ብቻ። 3-3-3 ደግሞ አንድ።

ስለዚህ ለ9፦ 6+6+3+3+6+1=25። ለ10፦ 6+6+3+6+3+3=27። ጠቅላላው 6×6×6=216 ነው። በመቶኛ ሲሰላ አንዱ 11.6 ገደማ፣ ሌላው 12.5 ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ቁማርተኛው ግን የኪሱ ጉዳይ ስለሆነ አየው!

አሁን ወደ መምህራኑ ልዙር። ክፍሉ በተማሪ ሲሞላ ፈተናው በሙሉ ምርጫ ይሆናል። አልፈርድም፤ የሚታረመው ወረቀት ብዛት ይገባኛል። ነገር ግን ስድስቱን ጥምረት አንድ በአንድ ጽፎ “እኩል ናቸው” የሚለውን ያከበበውም፣ ዝም ብሎ በግምት ያከበበውም እኩል ዜሮ ያገኛሉ። ለመጀመሪያው የቀረው አንድ እርምጃ ነበር፤ የሚነግረው ግን የለም። ትክክለኛውን ያከበበውስ ቢሆን ማወቁን በምን እናውቃለን?

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በእያንዳንዱ የሒሳብና የስታትስቲክስ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ አሠራሩ በሙሉ ተጽፎ ይመለስ፤ ለየእርምጃውም ነጥብ ይሰጠው። ይህን ለማረም ጊዜ ከየት ይምጣ ካላችሁ፣ እኛ የቀድሞ ተማሪዎች አለንላችሁ። ፈተናው የእናንተ ነው፤ የየሳምንቱን የመልመጃ ወረቀት ግን ከእናንተ ላይ ማንሳት እንችላለን። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ። አብራችሁኝ የምትመጡ ከምሳ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ።