የጫካው ጸጥታ የማን ነው?

(በሬድዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



የዛሬው ርእሳችን አንዲት እህታችን ከላከችልን ደብዳቤ የተወሰደ ነው። ባለቤቷ ዓመቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ሲለፋ ከርሟል። ሦስት ልጆች አሏቸው። ልጆቹ ከመኪና ጡሩምባና ከቴሌቪዥን ድምፅ በቀር ሌላ አያውቁም። አባትየው ቤተሰቡን ወደ ባሌ ተራሮች ወስዶ፣ ከከተማ ርቆ በጫካ መካከል በሚገኝ ኢኮ ሎጅ ለሦስት ሌሊት ሊያሳርፋቸው አሰበ። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ግን ተቆጡ። «እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጫካ ውስጥ ነው። ከዚያ ለመውጣት ስንት ለፋን! አሁን ዛፍ ለማየት ብር ይከፈላል? ይህ ኢስራፍ ነው» አሉ። እህታችን «ማን ነው ልክ? ባለቤቴ ወይስ እማማ?» ስትል ጠይቃናለች።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ዕረፍት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ አማና የሚያነሳው ብዙ ነገር አለ። ከመፍረዳችን በፊት ስለ ቦታው ጥቂት እንበል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ዲንሾ ትደርሳላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ሮቤንና ጎባን አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ የሳነቴ አምባ ይቀበላችኋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ነው። በአገራችን ካሉት ከፍተኛ ተራሮች አንዱ የሆነው ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ይዞ የቆመው በዚሁ አምባ ላይ ነው። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ የቀኑ ፀሐይ ፊት ይለበልባል፤ ሌሊቱን ግን ውሃ በረዶ ሆኖ ያድራል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ቁጥራቸው ከ500 አይበልጥም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኖሪያቸው ባሌ ነው።

ከሳነቴ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶና ቀርከሃ፣ ከዚያም ትላልቅ ዝግባዎች ይመጣሉ። ይህ የሐረና ደን ነው። የባሌ ጦጣ የሚባለው የቀርከሃ ቅጠል የሚበላ እንስሳ ያለው በዚሁ አካባቢ ነው። ወደ ታች ሲወረድ የሰው እጅ ያልተከለው የጫካ ቡና ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከዛፎቹ ላይ የንብ ቀፎዎች ተሰቅለው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በዚህ ደን ውስጥ ከባልንጀሮቼ ጋር ያረፍኩበት ማረፊያ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበሩት። ግድግዳው የአካባቢው ድንጋይና እንጨት ነው። መብራቱ የሚመጣው ከተራራው የሚወርደው ጅረት ከሚያዞራት ትንሽ ተርባይን ነበር። ጄኔሬተር አይጮህም፤ ቴሌቪዥን የለም፤ ስልክም እንደ ልብ አይሠራም። ከመግሪብ በኋላ የሚሰማው የጅረቱ ድምፅና የሌሊት ወፎች ጩኸት ብቻ ነው። ለፈጅር ስንነሳ ጉሬዛዎቹ ከእኛ ቀድመው ተነስተው ጫካውን በጩኸት ሞልተውት ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዕረፍት በራሱ ኢስራፍ ነውን? አይደለም። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሊጠይቁ ሄደው ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት እያሳለፉ ቤተሰባቸውን እንደተዉ ባዩ ጊዜ፣ ለጌታቸው ሐቅ እንዳለ ሁሉ ለነፍሳቸውና ለቤተሰባቸውም ሐቅ እንዳለ አስታወሷቸው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰልማንን ንግግር እውነት ነው ብለው አጸደቁ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የደከመ አባወራ ከልጆቹ ጋር ሦስት ቀን ቢያርፍ ሐቅን ማድረስ እንጂ ሐቅን ማጉደል አይደለም።

ከሰው ርቆ መቆየትም በዲናችን የታወቀ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ከመውረዱ በፊት በመካ አቅራቢያ ባለው የሒራእ ዋሻ ብቻቸውን ሌሊቶችን ያሳልፉ ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስንቃቸውን ከቤታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ስንቁ ሲያልቅም ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ይመለሱ ነበር። ቤተሰብን ጥሎ መጥፋት አልነበረም። ከዋሻው የወረዱትም ለሰው የሚጠቅም ነገር ይዘው ነው። ከሰው ለመሸሽ ብቻ ወደ ጫካ የሚሄድ ሰው፣ የሸሸውን ጭንቀት ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ እማማን ማዳመጥ ይገባል። ለዕረፍት ብሎ ዕዳ የሚገባ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዘገይ፣ ዘካውን ያላወጣ፣ ወይም የታመመ ዘመዱን ረስቶ የሚሄድ ሰው ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውን አዛብቷል። ደግሞም ዋጋው ውድ የሆነ ሎጅ ብቻ አይደለም ያለው። ድንኳን ይዞ በፓርኩ የተፈቀደ ቦታ ማደር ይቻላል። በአዳባና በዶዶላ በኩልም የአካባቢው ነዋሪዎች ደኑን በማኅበር ተረክበው እንዲጠብቁ በተደረገበት ፕሮጀክት፣ ለእግረኛ መንገደኞች የእንጨት ቤቶች በተራሮቹ ላይ ተሠርተው ነበር። ዕረፍት በአቅም ልክ ሲሆን በረካ አለው።

አሁን ግን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ጉዞ ከሐረና በላይ ባለችው በሪራ መንደር ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀምጠን ቡና ጠጣን። እኔ የጫካውን ጸጥታ እያደነቅሁ ሳወራ በትዕግሥት አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ሼኽ፣ እናንተ ለዚህ ጸጥታ በብር ትከፍላላችሁ። እኛ ግን በከብቶቻችን ከፍለንበታል።»

ንግግራቸው እውነት ነው። ያ ጫካ ባዶ መሬት አይደለም። ከዘመናት ጀምሮ ሰዎች ከብት የሚያሰማሩበት፣ ማር የሚቆርጡበት፣ ቡና የሚለቅሙበት ቦታ ነው። አብዛኞቹም ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። ደኑ እንዲጠበቅ ሲባል «እዚህ አታርሱ፣ እዚያ አታግጡ፣ ያንን ዛፍ አትቁረጡ» የተባሉት እነሱ ናቸው። ክልከላው ምክንያት የለሽ አይደለም። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሱት ገናሌ፣ ወይብ፣ ወልመልና ሌሎችም ወንዞች፣ በቆላው ኢትዮጵያና በሶማሊያ ጭምር ወደ 12 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ውሃ ናቸው። በሐረና ዛፉ ሲጨፈጨፍ፣ በቆላ ያለው አርብቶ አደር ጉድጓዱ ይደርቅበታል። ሆኖም ክልከላው ለሁሉም የሚጠቅም ከሆነ፣ ሸክሙ በአንድ መንደር ትከሻ ላይ ብቻ መውደቁ ፍትሕ አይደለም።

ሰዎቹ ዝም ብለው የተቀመጡም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 በባሌና በቦረና የደን ቃጠሎ ተነስቶ ለሳምንታት ሲነድ፣ ቅጠልና አፈር ይዘው ከእሳቱ ጋር ከታገሉት ቀዳሚዎቹ የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ዛሬ ቀበሮዎቹ እንዲተርፉ የእረኞቹ ውሾች መከተብ አለባቸው። እረኛው ውሻውን ለክትባት ካላመጣ ግን ይህ ጥበቃ ይላላል። ስለዚህ እንግዳ የሚዝናናበት ጸጥታ በጎረቤት ትዕግሥት የቆመ አማና ነው። እንግዳ አማናውን የሚያደርሰው እንዴት ነው?

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። «ኢኮ ሎጅ» የሚል ሰሌዳ ስለተሰቀለ ብቻ አትመኑ። የሚሠሩት ሰዎች ከየት ናቸው? ማገዶው ከየት ይመጣል? ቆሻሻው የት ይደርሳል? ማሩ፣ ወተቱና ቡናው የሚገዛው ከመንደሩ ነው ወይስ ከከተማ በመኪና ተጭኖ ይመጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ማረፊያ፣ ጫካ ውስጥ የተተከለ ተራ ሆቴል ነው። ስጋው በማን እንደሚታረድም ጠይቁ፤ መጠጥ የሚቀርብበት ከሆነ ለቤተሰባችሁ ለብቻው የሚሆን መመገቢያ እንዲያዘጋጁላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስለ መንገዱ ሰላምም በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰዎች አጣሩ።

ሁለተኛ፣ ገንዘባችሁ ከመንደሩ እንዲደርስ አድርጉ። ከአካባቢው መንገድ መሪ ያዙ። በመንገድ ዳር ማር ይዛ ከቆመች እናት ጋር በአምስትና በአሥር ብር አትከራከሩ። በአዲስ አበባ ለአንድ ኬክ ያለ ክርክር የምትከፍሉትን አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ ውሃና እሳት ላይ ተጠንቀቁ። ዑለማኦቻችን በሚፈስ ወንዝ ዳርም ቢሆን ውዱእ ላይ ውሃ ማባከንን ጠልተዋል። ሳሙና በጅረቱ ውስጥ አትጠቀሙ፤ ከታች የሚጠጣው ሰው አለ። እርጥቡን እንጨት አትቁረጡ። ያነደዳችሁትን እሳት አመዱ እስኪቀዘቅዝ በውሃ አጥፉ። የያዛችሁትን ፌስታልና ላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ። ጦጣዎቹን ዳቦ አታልምዱ፤ ዳቦ የለመደ ጦጣ ነገ የገበሬውን በቆሎ ይዘርፋል፤ ጥፋቱም የእናንተ ይሆናል።

አራተኛ፣ ሶላታችሁን ጉዞው አያዘናጋችሁ። ከአራት ቀን በታች ለመቆየት ያሰበ መንገደኛ፣ በአብዛኞቹ ዑለማኦች ዘንድ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ማሳጠር ይችላል። ቂብላን ከመንደሩ ሰዎች ጠይቁ። ውሃው ስለቀዘቀዘ ብቻ ተየሙም አይደረግም፤ ምድጃ ካለ ይሞቃል። ፈጅርን ከልጆቻችሁ ጋር በጀማዓ ስገዱና ጎሁ ሲቀድ ጥቂት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አባቱ ስልኩን ሳይነካ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያየ ልጅ፣ በቃል ሊነገረው የማይችል ትምህርት ይማራል።

እንግዲህ እህታችን፣ ባለቤትሽም ልክ ነው፤ እማማም ልክ ናቸው። እሱ ለቤተሰቡ ዕረፍት ማሰቡ መልካም ነው። እሳቸውም የጫካ ኑሮ መዝናኛ ሳይሆን ድካም እንደነበረ ያውቃሉ። የእኔ ምክር እሳቸውንም ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚጠቅም፣ የትኛው እንጨት ጭስ እንደሌለው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ወፎች እንዴት እንደሚጮሁ ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ከመንደሩ እናቶች ጋርም ከሁላችሁ ቀድመው የሚግባቡት እሳቸው ናቸው። ሰው የደከመበትን ቦታ በክብር እንግዳ ሆኖ ማየቱም የአላህን ኒዕማ ከማወቅ ነው።

ወደ ከተማ ስትመለሱም ሥራው አላለቀም። ከቧንቧችሁ የሚወርደው ውሃ፣ በጀበናችሁ የሚፈላው ቡና የሆነ ተራራ ላይ የሆነ ሰው የጠበቀው ነው። ልጆቻችሁን «ይህን የጠበቀልን ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በየሰፈራችን ባለው መስጂድ ግቢ አንድ ዛፍ ተክለው፣ አድጎ ጥላ እስኪሆን ድረስ ውሃ የማጠጣቱን ኃላፊነት ስጧቸው። በሦስት ቀን የታየው ነገር በዓመታት የሚጸናው እንዲህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ዕረፍታችንን ኢባዳ፣ ጉዟችንን የሰላም ያድርግልን። በተራሮቹ ላይ ያሉ ወገኖቻችንን በከብታቸው፣ በማራቸውና በልጆቻቸው በረካ ይስጣቸው። የአማናቸውን ዋጋ የምናውቅ እንግዶች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።