ክፍሉ፣ ዐይናችንና ጆሯችን፦ ለቤት የሚሆን ድምፅ ማጉያ ስለ መምረጥ



«ለቤቴ የትኛውን ድምፅ ማጉያ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ተራ የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ከተማሪዎችም ከባልደረቦችም ደጋግሞ ይቀርብልኛል። እኔም መልሼ «ክፍሉ ምን ይመስላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የወራት ቁጠባ የሚወጣበት ዕቃ ሱቅ ውስጥ አስደስቶ ቤት ሲገባ የሚያሳዝነው አብዛኛውን ጊዜ በክፍሉ ምክንያት ነውና።

ለዚህ ዕውቀት መሠረት የጣለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ንግግር በቅጡ የማይሰማበትን አዲስ አዳራሽ እንዲያስተካክል ኃላፊነት ተሰጠው። የመቀመጫ ትራሶችን እያስገባና እያስወጣ፣ ድምፁ ከተቋረጠ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ለካ። ይህ ጊዜ በክፍሉ ይዘት ልክ እንደሚረዝም፣ ድምፅን በሚውጡ ነገሮች ብዛት ልክ ደግሞ እንደሚያጥር አረጋገጠ።

ቀመሩን በአንድ ሳሎን ላይ እንሞክረው። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ባዶ ክፍል እንውሰድ። ገጾቹ በአማካይ ከሚያርፍባቸው ድምፅ 3 በመቶውን ብቻ ቢውጡ፣ ድምፁ እስኪከስም 3.2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ሶፋና የመጻሕፍት መደርደሪያ ገብተው ጠቅላላው የመዋጥ አቅም 14 ካሬ ሜትር ቢደርስ፣ ጊዜው ወደ 0.6 ሰከንድ ይወርዳል። ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ድምፅ ማጉያ በየትኛውም ዋጋ አይገኝም።

ወፍራሙ ድምፅ ግን በመጋረጃ አይገራም። የሞገዱ ርዝመት ብዙ ሜትር ነውና። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የዚሁ ክፍል የመጀመሪያው ሬዞናንስ በርዝመቱ 34፣ በወርዱ 43፣ በከፍታው 66 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። በእነዚህ ድምፆች ላይ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ሰው ጉምጉምታ ሲሰማ፣ መካከል ላይ የተቀመጠው የቤዙን መኖር ሊጠራጠር ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማዛወር ይቀድማል። ቀላሉ ዘዴ ድምፅ ማጉያውን በመቀመጫችን ቦታ ላይ አኑሮ፣ ጎንበስ ብሎ ክፍሉን እየዞሩ ማዳመጥ ነው። ቤዙ ሚዛኑን ጠብቆ የተሰማበት ቦታ፣ ለድምፅ ማጉያው መልካም ቦታ ነው።

ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ ግን የዕቃው ጠባይ ይበልጥ ይገንናል፤ የምርጫ ጥያቄም እዚህ ላይ ይነሣል። «ለጣዕም ዳኛ የለውም» እንል ይሆናል። ነገር ግን ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባካሄዳቸው ሙከራዎች፣ ድምፅ ማጉያዎቹ በመጋረጃ ሲሸፈኑ የአድማጮች ምርጫ እርስ በርሱ በእጅጉ ተቀራረበ፤ የተወደዱትም ድምፅን ሳያዛቡ፣ ሳያበላልጡ የሚያወጡት ነበሩ። ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት ደግሞ፣ ያው አድማጭ ዕቃውን እያየ ሲያዳምጥ የሚሰጠው ነጥብ ሳያይ ከሚሰጠው እንደሚለይ አሳዩ። ጣዕም የምንለው ነገር ከፊሉ የዐይን ፍርድ ነው ማለት ነው።

ይህ የግል ምርጫን አይሽርም። የበገናን ነዛሪ ድምፅ ጥርት ብሎ መስማት የሚሻ ሰውና በሬጌ ቤዝ ደረቱ እንዲነዝር የሚወድ ሰው፣ የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ሚዛናቸው አንድ አይሆንም። ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ የሚከበረውም ከዐይንና ከዋጋ ተጽዕኖ ሲነጻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቅደም ተከተል አለው። አስቀድማችሁ ክፍሉን አሰናዱ፤ ቀጥሎ ቦታውን ፈልጉ፤ በመጨረሻ ዕቃውን ምረጡ። ስታወዳድሩ የድምፃቸውን ከፍታ እኩል አድርጉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ይመስላልና። በደንብ የምታውቁትን ሙዚቃ አጫውቱ፤ ወዳጃችሁ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳይነግራችሁ ያቀያይርላችሁ። ከዚያ በኋላ «ይህን ወደድሁ» ብትሉ፣ የምትናገሩት በእርግጥ ስለ ጆሯችሁ ይሆናል።