ጭርቱ ለምን ይመለሳል?

(በኮበር በአርብ ስብሰባችን ላይ፣ አገር ቤት ነርስ የነበረች እህታችን ካደረገችው ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ የማወራው ስለ ፈንገስ ነው፤ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ የጣት መሐል መላጥ፣ ብልት አካባቢ ማሳከክ። «ይሄማ ቅባት ተቀብቶ የሚድን ነው» የምትል ትኖራለች። ድሮ እንደዛ ነበር። አሁን መድኃኒት የለመደ ፈንገስ መጥቷል።

ፈንገስ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። የደማምን ነሐሴ ታውቁታላችሁ፣ ልብስ ገላ ላይ ተጣብቆ ነው የሚውለው። እጃችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃና ክሎሮክስ ውስጥ ነው። የላስቲክ ጓንቲ ብቻውን ላቡን ያቁራል፤ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንቲ አድርጉ፣ ስትጨርሱ የጣቶቻችሁን መሐል አድርቁ።

ሲያሳክከን ምን እናደርጋለን? ወይ ማዳም የተረፋትን ቱቦ ትሰጠናለች፣ ወይ ሰይደሊያ ገብተን «ለሁሉም ይሆናል» የተባለውን እንገዛለን። ብዙ ጊዜ ያ ቅባት ውስጥ ኮርቲዞን አለ። ኮርቲዞን ማሳከኩን በሁለት ቀን ዝም ያሰኘዋል፣ ቅላቱም ይጠፋል። ግን ቆዳው ላይ ያለውን የሰውነት መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ ከሥር ተደላድሎ ይሰፋል። የጭርቱ ክብ ጠርዝ ይደበዝዝና ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ፊት ለማጥራት ከሚሸጡት ክሬሞችም አንዳንዶቹ ውስጣቸው ይኸው ነው፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን። ስለ ማጥራቱ ሌላ ቀን እንጣላበታለን!

ይሄን ነገር ተመራማሪዎች በደንብ ያዩት ሕንድ ውስጥ ነው። ኮርቲዞን፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ የተደባለቀበት ቅባት እዛ እንደልብ ይሸጥ ነበር። ጭርቱ ከጭን እስከ ወገብ የሚሰፋ፣ በቤተሰብ የሚዞር፣ ወራት የሚቆይ ሆነ። በ2020 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከሕንድና ከኔፓል ከመጡ ሕመምተኞች ቆዳ ላይ ያገኙትን ፈንገስ ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒያ ብለው ሰየሙት። ዋናው የጭርት መድኃኒት ተርቢናፊን ይህን ፈንገስ ብዙ ጊዜ አይገድለውም። ተርቢናፊን የሚሠራው ፈንገሱ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ላይ ተጣብቆ ነው፤ ይሄኛው ኢንዛይሙን ቀይሯል፣ ቁልፉ እንደተቀየረ በር ማለት ነው። አሁን በብዙ አገር ተገኝቷል። በነገራችን ላይ፣ ስሙ የሕንድ ስለሆነ አብራችሁ የምትኖረውን ሕንዳዊት ወይም ኔፓላዊት እንዳትሸሹ። ፎጣ፣ ሻርፕና አንሶላ ግን ከማንም ጋር አትጋሩ።

ወደ አገራችን ልምጣ። አዳነ ቢተውና የሺወርቅ አበባው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከሴቶች የብልት ናሙና ወስደው ካንዲዳ የሚባለውን ፈንገስ አጥንተዋል፤ ጽሑፉ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከግማሽ በሚበልጡት ሴቶች ላይ ካንዲዳ አልተገኘም። ከተገኘባቸውም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ክሩሴይ የሚባለው አለበት፣ እሱ ደግሞ ሁላችን የምናውቀውን የፍሉኮናዞል ክኒን በተፈጥሮው ይቋቋማል። እንግዲህ ፈንገሱ የሌለባት ሴት ክኒኑን ብትውጠው ምን ታተርፋለች? ሽታ ያለው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከባክቴሪያ ነው፣ ፍሉኮናዞል አይነካውም። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም የምትጠረጥሩ ሐኪም ሳይነግራችሁ አትዋጡት። እየተመላለሰ የሚያስቸግራት ደግሞ ስኳሯን ትለካ።

ቅባት ስትገዙ «ፊህ ኮርቲዞን?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካሏችሁ መልሱት። ክሎትሪማዞል ብቻ ያለበትን ውሰዱ፤ ከጭርቱ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል አልፋችሁ ቀቡ፣ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀጥሉ። ማሳከኩ ሲቆም መተው ነው ያልሞተውን የሚያስቀረው። የራስ ቅልና የጥፍር ፈንገስ በቅባት አይድንም፣ ክኒን ይፈልጋል። በአራት ሳምንት ያልተሻለው ወይም የሰፋው መታየት አለበት። ሐኪሙ ዘንድ «ፉጥሪያት» በሉ፣ የተቀባችሁበትን ቱቦ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆዳው ተፍቆ እንዲመረመር ጠይቁ። ማዳም «ቀላል ነው» ካለቻችሁ፣ ልጆቿን ስለምታቅፉ ወደ እነሱም እንደሚተላለፍ ንገሯት። ያን ጊዜ መኪናው ቶሎ ይነሳል።